ሰሙ ሰይፍ፣ ወርቁ ፍቅር፦ የቻይና የቴሌቪዥን ድራማና የሳንሱር ቅኔ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት፣ ልጆች የባዕድ አገር ተከታታይ ድራማ ከእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ሲመለከቱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የቻይና የሰይፍና የጀብዱ ድራማዎችም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ረጅም ጠጉር ያላቸው ጎራዴ መዛዦች ከጣራ ወደ ጣራ ሲበሩ ያየ ወላጅ፣ በወጣትነቱ ያያቸውን የብሩስ ሊ ፊልሞች ቢያስታውስ አይፈረድበትም። ወጣቱ የሚከታተለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ የሁለት ወንዶችን የፍቅር ታሪክ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ድራማ ለሁለት ተመልካች ሁለት ነገር ሊሆን የቻለበትን ምክንያት ማስረዳት ነው። መከራከሪያችን በአጭሩ ሲቀርብ እንዲህ ነው፤ ሳንሱር ቃልን ያስወግዳል እንጂ ትርጉምን አያጠፋም፤ ትርጉሙን ከተናጋሪው አንሥቶ በአድማጩ ላይ ይጥለዋል። ይህን አሠራር ለመረዳት ሰምና ወርቅን ያወቅን እኛ ሩቅ አይደለንም። ይሁን እንጂ ሰም ዋጋ ያስከፍላል፤ በዚህ ላይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራማውና ምንጩ

በቻይና ሥነ ጽሑፍ «ዉሺያ» የሚባል ዘርፍ አለ። «ዉ» የጦር ጥበብ፣ «ሺያ» ደግሞ ለተበደለ የሚቆም ጀግና ማለት ነው። ይህ ጀግና ከቤተ መንግሥት ሕግ ይልቅ ለቃሉና ለወዳጁ ያደረ በመሆኑ፣ በእኛ አገር ስለ ሽፍቶች ከሚተረከው ጋር ይቀራረባል። በዘመናችን በዚሁ ዘርፍ ላይ አስማትና መናፍስት ተጨምረውበት ሌላ ቅርንጫፍ አብቅሏል። ከዚህ ጎን ለጎን «ዳንሜይ» የተባለው የልብ ወለድ ዓይነት በኢንተርኔት ተስፋፋ። ዳንሜይ የወንዶችን የእርስ በርስ ፍቅር የሚተርክ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚጽፉትም የሚያነቡትም ሴቶች ናቸው።

ሁለቱ ዘርፎች ከተገናኙባቸው ሥራዎች እጅግ የታወቀው «ቼንቺንግ ሊንግ» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዘ አንቴምድ» ይባላል። መሠረቱ ሞ ሺያንግ ቶንግ ሺዉ በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው ደራሲ ከ2015 እስከ 2016 ጂንጂያንግ በተባለው የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ በተከታታይ ያወጣችው ልብ ወለድ ነው። ድራማው 50 ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ከሰኔ 27 ቀን 2019 ጀምሮ በቴንሰንት ቪዲዮ ታየ። ዋናዎቹ ተዋንያን ሺያው ጃንና ዋንግ ዪቦ ናቸው።

ታሪኩ የሁለት ጓደኛሞች ነው። ዌይ ዉሺያን ነፃና ተጫዋች፣ ላን ዋንግጂ ዝምተኛና ሥርዓት አክባሪ ናቸው። ዌይ በጦርነት የተሸነፈውን ጎሣ ሽማግሌዎችና ደካሞች አስጠግቶ በማኖሩ በታላላቆቹ ቤተሰቦች ሁሉ ዘንድ እንደ ጠላት ይቆጠርና ከገደል ወድቆ ይሞታል። ከ16 ዓመታት በኋላ በምትሐት ወደ ሕይወት ሲመለስ፣ ማንነቱን ለይቶ የሚያውቀውና ከጎኑ የሚቆመው ላን ነው። «ቼንቺንግ» የዌይ ዋሽንት ስም ነው፤ ቃሉም የልብን ጉዳይ ዘርዝሮ ማቅረብ ማለት ነው። በልብ ወለዱ ሁለቱ በግልጽ ፍቅረኛሞች ይሆናሉ። በድራማው ግን አይሳሳሙም፤ ፍቅራቸውንም በቃል አይናዘዙም።

የሳንሱሩ አሠራር

ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገው፣ በቻይና የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል የማያስቀጣ መሆኑ ነው። ቀድሞ ሰዎች ይከሰሱበት የነበረው «የዱርዬነት» ወንጀል በ1997 ከወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ወጥቷል፤ በ2001 ደግሞ እንዲህ ያለው ዝንባሌ በራሱ እንደ አእምሮ ሕመም መቆጠሩ ቀርቷል። በኑሮ ያልተከለከለው ግን በስክሪን ተከለከለ። በ2016 መጀመሪያ ላይ የሁለት ወጣት ወንዶችን ፍቅር በግልጽ ያሳየ አንድ የኢንተርኔት ድራማ ከ15 ክፍሎቹ 12ቱ ብቻ ታይተው ተነሣ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ የድራማ አዘጋጆች መመሪያ፣ በ2017 ደግሞ የኢንተርኔት ፕሮግራሞች ደንብ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን «ያልተለመደ» በሚለው ፈርጅ ውስጥ አስገብተው እንዳይታይ አገዱ። በሚያዝያ 2018 ዌይቦ የተባለው የመልእክት መድረክ ይህን የመሰለ ይዘት ጠራርጎ እንደሚያወጣ ቢያስታውቅም፣ ተጠቃሚዎች በብዛት ስለተቃወሙት በሦስተኛው ቀን ውሳኔውን አጠፈ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ክልከላ እያለ ልብ ወለዶቹ ወደ ድራማ የተለወጡት ለምንድን ነው? መልሱ ገበያ ነው። ልብ ወለዶቹ ገንዘቧንና ጊዜዋን የማትሰስት ብዙ አንባቢ አፍርተው ነበር፤ የ«ቼንቺንግ ሊንግ»ን የመጨረሻ ክፍሎች ቀድሞ ለማየት ተመልካቾች ተጨማሪ ክፍያ እስከ መክፈል ደርሰዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ሁለት ጌቶች ነበሩት፤ አንዱ ፍቅሩ እንዳይታይ ያዛል፣ ሌላዋ ፍቅሩን ለማየት ትከፍላለች። ቅኔው የተወለደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ቅኔው እንዴት ይፈታል?

የቅኔ መምህራን ኅብርንና ውስጠ ወይራን ይለያሉ። በኅብር አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል፤ በውስጠ ወይራ ደግሞ ላይ ላዩ አንድ ነገር ይነገርና ውስጡ ሌላ ይሆናል። የቻይናው ድራማ በሁለቱም ይጠቀማል።

የኅብሩ ምሳሌ የመዝሙሩ ርእስ ነው። ድራማው የታወቀበት ዜማ «ዉጂ» ይባላል። በጽሕፈቱ «ያልታሠረ፣ ልጓም የሌለው» ማለት ሲሆን፣ ሲነበብ ግን የዉሺያንን «ዉ» ከዋንግጂ «ጂ» ጋር ያጣምራል። በታሪኩ ውስጥም ላን የደረሰው ዜማ አለ፤ ስሙን ሲጠየቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ልብ ወለዱን ያነበበች ተመልካች ግን ስሙ ከሁለቱ ሰዎች ስም የተገጠመ መሆኑን ታውቃለች። የሳንሱሩ ሹም ዝምታን ይሰማል፤ እርሷ ስሙን ትሰማለች።

የውስጠ ወይራው ምሳሌ የግንባር መቀነቱ ነው። የላን ቤተሰብ ወንዶች ግንባራቸውን የሚያስሩበት ነጭ መቀነት ራስን የመግዛት ምልክት ነው፤ ከወላጅ፣ ከትዳር ጓደኛና ከልጅ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። ላን በአንድ ዋሻ ውስጥ ይህንኑ መቀነት ከዌይ አንጓ ጋር ያስረዋል። ሰሙ ጓደኛን ከአደጋ ማዳን ነው፤ ወርቁን አንባቢው ይድረስበት።

ከሁሉ በላይ ግን ሰሙን የሚሸከመው «ጂጂ» የሚለው ቃል ነው፤ «እኔን የሚያውቀኝ» እንደ ማለት ነው። ቃሉ ስለ በገና ደርዳሪው ቦያና ስለ አድማጩ ጆንግ ዚቺ ከሚነገረው ጥንታዊ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ዚቺ በሞተ ጊዜ ቦያ ዜማውን የሚረዳለት ሰው ስላጣ የበገናውን ጅማቶች በጥሷቸዋል። ስለዚህ ቃሉ የተከበረ የወዳጅነት ቃል ነው፤ ሳንሱር ሊነካው አይችልም። በዚሁ ቃል ሥር ግን ከወዳጅነት የበለጠ ሊቀመጥ ይችላል። በየካቲት 2021 በዩኩ የታየው «ሻንኸ ሊንግ» የተባለው የዉሺያ ድራማም በዚህ ቃል ተጠቅሟል። በዚህኛው ላይ ተመልካቾች ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ በቻይና የተዋንያን ድምፅ ከቀረጻ በኋላ በሌላ ሰው መሞላቱ የተለመደ በመሆኑ፣ በአንዳንድ ስፍራ ከንፈሩ የሚለውና ድምፁ የሚለው አልገጠመም። ከንፈር ማንበብ የቅኔ መፍቻ ሆነ።

የሰም ዋጋ

እስከዚህ ድረስ ያለው ብልሃት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ወርቁን በሰም ብቻ የሚናገር ሰው፣ ሰሙን በሚወስድበት ሰው እጅ ላይ ነው። ለዚህ ሦስት ማስረጃዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በሰም ያልተሸፈነው ጽሑፍ ከባድ ቅጣት አስከትሏል። በጥቅምት 2018 ቲያንዪ በሚል የብዕር ስም የምትታወቅ ጸሐፊ የወንዶችን ፍቅር በግልጽ የሚተርክ መጽሐፍ አሳትማ በመሸጧ፣ የብልግና ጽሑፍ በማሰራጨት ተከስሳ የ10 ዓመት ከ6 ወር እሥራት ተፈረደባት። የተሸጠው መጽሐፍ 7,000 ያህል ቅጂ ነበር። ሁለተኛ፣ «ሻንኸ ሊንግ» ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ፣ በነሐሴ 2021፣ ከቻይና መድረኮች ተነሣ። የተነሣበት ምክንያት ከፍቅር ታሪኩ ጋር አልተያያዘም፤ ከተዋንያኑ አንዱ በጃፓን በያሱኩኒ መቅደስ አካባቢ የተነሣው ፎቶግራፍ ቁጣ በማስነሣቱ ነበር። ጠበቃ የሌለው ሥራ ግን በማናቸውም ሰበብ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ በመስከረም 2021 የቻይና ብሔራዊ የሬድዮና የቴሌቪዥን አስተዳደር «ሴታ ሴት» የሚላቸውን የወንድ ገጸ ባሕርያት የሚያወግዝ መመሪያ አወጣ፤ ከዳንሜይ ልብ ወለድ የተወሰዱ ድራማዎችም በሩ ተዘጋባቸው፤ ተቀርጸው ያለቁ ሥራዎች ሳይታዩ ቀሩ። ልብ ወለዶቹ ግን ተሰደዱ። በታኅሣሥ 2021 በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ታትመው ሲወጡ በኒው ዮርክ ታይምስ የብዙ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ገቡ።

ለእኛ ምናችን ነው?

እኛም ሳንሱርን እናውቀዋለን። በዓሉ ግርማ በ1983 «ኦሮማይ»ን ባሳተመ ጊዜ ወርቁን ያለ ሰም ተናገረ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም በየካቲት 1984 እንደወጣ ቀረ። ቅድመ ምርመራ በሕግ የተሻረው በ1992 በወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ነው። ስለዚህ የቻይና ደራስያንን ሥራ ስንመረምር ከፍርሃትም ከብልሃትም ልምድ አለን።

በያዝነው ጉዳይ ላይ ግን አቋማችን ከቻይና የተለየ ነው። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ያስቀጣል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም መስጊዶቹም ያወግዙታል። በምንኖርባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ ጋብቻው ከ2013 መግቢያና ከ2014 ጥቅምት ወዲህ ሕጋዊ ነው። በአንድ ቤት ጣራ ሥር ሁለት ሕግ ይኖራል ማለት ነው። በመካከሉ ያለው ዝምታ ነው።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአዲስ አበባ ጎዳና ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ከወዳጅነት በቀር ምንም አይነበብባቸውም። ያው ልማድ በጆርጂያ ጎዳና ላይ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ብዙ ወጣቶቻችንም ይህን ስለተረዱ ልማዱን ትተውታል። ይህም ትርጉም የሚኖረው በድርጊቱ ብቻ ሳይሆን በሚመለከተው ዓይን ጭምር እንደሆነ ያሳያል። ለዚህ ነው አንዱ ድራማ ለወላጅ ሰይፍ፣ ለልጅ ፍቅር የሆነው። ከልጆቹም መካከል ታሪኩን እንደ ጨዋታ የሚያይ አለ፤ ስለ ራሱ የሚናገር ሌላ ቋንቋ ስላጣ የሚያየውም ይኖራል። ይህ ሁለተኛው ልጅ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው በሰም ነው፤ የሰምን ዋጋም ከላይ ተመልክተናል።

ለማጠቃለል፣ አንባቢ እምነቱን እንዲለውጥ መጠየቅ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። የምንጠይቀው ምሁራዊ ሥራ ነው። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚነገርባቸው ቃላት በአብዛኛው ወይ የክስ ወይ የውግዘት ናቸው፤ ሳይፈርድ የሚገልጽ ቃል ግን እጅግ ጥቂት ነው። «የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር» የሚለው ሐረግ ራሱ ገና የትርጉም ሽታ ያለው ነው። ቻይናውያን ቢያንስ «ጂጂ»ን ከጥንት ታሪካቸው አውጥተው መጠለያ አድርገውታል። የዳዊትንና የዮናታንን ወዳጅነት ለትውልድ ሲያነብና ሲያመሰጥር የኖረ ሕዝብ ለዚህ የሚሆን ቃል ከራሱ ጓዳ ያጣል ብለን አናምንም። ቃሉ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ግን ወላጅና ልጅ በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ ሊነጋገሩ አይችሉም፤ ልጁ በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ብቻ ያነበዋል፤ ቋንቋችንም ከልጆቻችን የልብ ጉዳይ አንዱን ሳይሰማ ይቀራል።