የሠራተኛው ሽልንግና የባለጸጋው ቼክ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። ወደ ፓርላማ የሚወስደው መንገድ በሰማይ ሳይሆን በምድር ላይ ያለ ቢሆንም፣ እሱም ያለ ገንዘብ አያስኬድም። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ወረቀት ያሳትማል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ከከተማ ከተማ ይመላለሳል፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡን የሚያግባቡለትን ሰዎች ያሰማራል። ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸፍን አንድ ወገን መኖሩ ግድ ነው። ከፋዩ ማን ነው? ገንዘቡንስ የሚሰጠው ማንን አስፈቅዶ ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል፤ ሁለተኛውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «ሠራተኛው አብዝቶ ይሰጣል፣ የለም ባለጸጋው ይበልጣል» ወደሚል ቈጠራ ይወርዳል። እኔ በዛሬው ጽሑፌ ቈጠራውን ትቼ ስለ ፈቃዱ ልናገር።

ለዚህ ምርመራ የእንግሊዝን አገር መርጫለሁ። በዚያ አገር የሠራተኞች ማኅበራትና ባለጸጎች ፓርቲዎችን በገንዘባቸው መደገፍ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የሚከፍሉበትም ደንብ በሕግ ተጽፎ ስለሚገኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመልከት ይመቻል። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

እስከ 1911 ድረስ የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴ ደመወዝ አልነበረውም። ርስት ያለው ወይም ባንክ ቤት ገንዘብ ያለው ሰው ፓርላማ ገብቶ ሲከራከር ቢውል የሚጐድልበት ነገር የለም። የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ግን አንድ ቀን ጕድጓዱን ትቶ ቢወጣ የዚያን ቀን እንጀራውን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የራሱን ሰው ወደ ፓርላማ መላክ ከፈለገ ለዚያ ሰው መኖሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ማዋጣት ነበረበት። በየካቲት ወር 1900 የሠራተኞች ማኅበራትና የሶሻሊስት ጓዶች ሎንዶን ላይ ተሰብስበው የሠራተኞችን እንደራሴዎች የሚያስመርጥ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ያገኘው 2 መቀመጫ ብቻ ነበር። በ1906 ግን 29 መቀመጫ አገኘና «ሌበር ፓርቲ» ተባለ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ያሳደገው አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በደቡብ ዌልስ የሚገኘው የታፍ ቬል ምድር ባቡር ኩባንያ፣ ሠራተኞቹ ሥራ በማቆማቸው የደረሰበትን ኪሣራ ማኅበራቸው እንዲከፍለው ከሰሰ። በ1901 የሎርዶች ምክር ቤት ለኩባንያው ፈረደለት፤ ማኅበሩም 23 ሺህ ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ሠራተኛውም ሕግ በሚወጣበት ቤት ውስጥ ሰው የሌለው ወገን ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ተረዳ። በ1906 የተመረጠው ፓርላማ ያንን ፍርድ በአዲስ ሕግ ሻረው።

እዚህ ላይ ዋልተር ኦዝቦርን የተባለ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ብቅ ይላል። ኦዝቦርን የማኅበሩ አባል ብቻ ሳይሆን የአንድ ቅርንጫፉ ጸሐፊ ነበር፤ በፖለቲካ ግን የሊበራል ፓርቲ ደጋፊ ነው። እሱ የማይደግፈውን ፓርቲ ለመርዳት ማኅበሩ ከእሱ ገንዘብ መሰብሰብ እንደማይገባው ተከራከረ። በታኅሣሥ 1909 የሎርዶች ምክር ቤት ኦዝቦርን ትክክል ነው ሲል ፈረደ፤ ማኅበራትም ለፖለቲካ ገንዘብ እንዳይሰበስቡ ተከለከሉ።

ብዙ የሠራተኛ ወዳጆች ኦዝቦርንን እንደ ከሐዲ ይቈጥሩታል። እኔ ግን ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይመስለኝም። አንድ ሰው ለሠፈሩ እድር በየወሩ የሚያዋጣው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። የእድሩ ዳኛ ከሣጥኑ አንሥቶ ለሚወደው እጩ ቢሰጥበት ምን ይላል? እጩው ለሠፈሩ የሚጠቅም ሰው ቢሆን እንኳ «ሳልጠየቅ!» ብሎ መቈጣቱ አይቀርም።

ፓርላማው በመጀመሪያ በ1911 ለእንደራሴዎች በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ ቈረጠ። ቀጥሎም በ1913 የኦዝቦርንን ጥያቄ ለመመለስ የሚከተለውን ሕግ አወጣ። ማኅበሩ ለፖለቲካ ማውጣት ከፈለገ አስቀድሞ የአባሎቹን ድምፅ መጠየቅ አለበት፤ ገንዘቡን ከሌላው ለይቶ በልዩ ሣጥን ማስቀመጥ አለበት፤ መክፈል የማይፈልግ አባል ቢኖር «አልከፍልም» ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ ይቀርለታል፤ ባለመክፈሉም የማኅበሩ ጥቅም አይጓደልበትም። የሚከፈለው መጠን ትንሽ ነበር፤ በዓመት አንድ ሽልንግ ያህል፣ ማለት የፓውንድ ሃያኛ እጅ።

ሕጉ ደኅና ሕግ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቀዳዳ አለበት፤ ዝም ያለው ሰው ምን እንደ ፈለገ አይታወቅም። በ1926 ከተደረገው ጠቅላላ የሥራ ማቆም በኋላ ወግ አጥባቂው መንግሥት በዚህ ቀዳዳ ገባ። በ1927 ባወጣው ሕግ ነገሩን ገለበጠው፤ ከዚያ ወዲያ «አልከፍልም» የሚለው ሳይሆን «እከፍላለሁ» የሚለው ወረቀት እንዲሞላ ታዘዘ። በማኅበሮቻቸው በኩል የሌበር ፓርቲ አባል የሆኑት ሠራተኞች ቍጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን ወረደ። በ1945 ሌበር ፓርቲ አሸንፎ መንግሥት ሲሆን በ1946 የ1927ቱን ሕግ ሻረና ወደ ቀድሞው መለሰው። ወዲያው ከ2 ሚሊዮን ተኩል ጥቂት የሚበልጠው ቍጥር 4 ሚሊዮንን አልፎ ሄደ።

በ1928 አንድ ሚሊዮን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሐሳቡን የለወጠ ይመስላችኋልን? አይመስለኝም። ሠራተኛው ያው ሠራተኛ፣ ሽልንጉም ያው ሽልንግ ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱን የሚሞላው ሰው ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ ሲደክም የዋለ ሰው ማታ ተቀምጦ ቅጽ አይሞላም። በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ወጣቶች አንድ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ለማለፍ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ስለምናውቅ ይህን ለማመን አይከብደንም። «ዝምታ መስማማት ነው» የሚለውም፣ «ዝምታ እምቢታ ነው» የሚለውም ዝም ያለውን ሰው ለራሱ ጥቅም የሚተረጕም ነው። ሁለቱም ፓርቲዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህም በ2016 ወግ አጥባቂዎቹ ለአዳዲስ አባሎች የ1927ቱን ደንብ እንደገና አመጡት፤ ሌበር ፓርቲ ደግሞ በ2025 ባወጣው ሕግ መልሶ ገለበጠው።

ሠራተኛውን መጠየቅ በዚህ ብቻ አላበቃም። በ1984 የወጣው ሕግ ማኅበሩ በየአሥር ዓመቱ አባሎቹን እንደገና ድምፅ እንዲያስጥ አዘዘ። የሕጉ ደራሲዎች ሣጥኖቹ ይዘጋሉ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። ነገር ግን በ1985 እና በ1986 ድምፅ ያሰጡት ነባር ባለሣጥን ማኅበራት በሙሉ «ይቀጥል» አሉ።

አሁን ወደ ቼኩ እንመለስ። ሎይድ ጆርጅ ከ1916 እስከ 1922 ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን የማዕረግ ስም እንደ ጨርቅ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጥ ነበር። «ሰር» ለመባል 10 ሺህ ፓውንድ፣ ማዕረጉ ለልጅ የሚተላለፍ ባሮኔት ለመሆን 30 ሺህ ፓውንድ ይጠየቅ እንደ ነበር ይነገራል። ሎርድ ሆኖ በላይኛው ምክር ቤት ለመቀመጥ ዋጋው ከዚያም ይልቅ ነበር። ገንዘቡ የሚገባው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በሚያዙበት የፖለቲካ ሣጥን ውስጥ ነው። በ1922 በማጭበርበር ተፈርዶባቸው የነበሩ አንድ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን ቱጃር ለሎርድነት በመታጨታቸው አገሩ ተንጫጫ። ማዕረጉን ይተዉት ዘንድ መልእክተኛ ቢላክባቸው፣ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ ተጨማሪ ገንዘብ የተጠየቁ መስሏቸው የቼክ ደብተራቸውን አወጡ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅባቸዋል። እውነት ይሁን ተረት፣ የዘመኑን ጠባይ ያስረዳል።

በ1925 የማዕረግን ሽያጭ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በዚህም ሕግ የተቀጣው ሞንዲ ግሪጎሪ የተባለው ደላላ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በ1933 የሁለት ወር እስራትና 50 ፓውንድ መቀጫ ተፈረደበት። ደላላው ታሰረ፤ ገዢዎቹ ግን ማዕረጋቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።

«ባለጸጋው የሚሰጠው የገዛ ገንዘቡን ነው፤ ማንን ያስፈቅድ?» የሚል ሰው ይኖራል። ከኪሱ ለሚያወጣው ይህ እውነት ነው። የኩባንያ ገንዘብ ግን የዲሬክተሩ ገንዘብ አይደለም፤ የባለአክሲዮኖች ነው። ባለአክሲዮኑ ገንዘቡን ያስገባው ኩባንያው ነግዶ ትርፍ እንዲያካፍለው ነው እንጂ ለወግ አጥባቂው ፓርቲ እንዲያዋጣለት አይደለም። እንግዲህ የኦዝቦርን ጥያቄ ቃል በቃል ለእሱም ይሆናል። ሕጉ ምን አደረገለት? እስከ 1967 ድረስ ምንም። በ1967 የወጣው የኩባንያዎች ሕግ ከ50 ፓውንድ በላይ ለፖለቲካ የሰጠ ኩባንያ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ እንዲገልጸው አዘዘ። መግለጽ ማለት ከሰጡ በኋላ መንገር ነው። ባለአክሲዮኖች አስቀድመው እንዲጠየቁ የታዘዘው በ2000 በወጣው ሕግ ነው። ሠራተኛው በ1913 የተጠየቀውን ባለአክሲዮኑ ለመጠየቅ 87 ዓመት ፈጀበት! ከተጠየቀም በኋላ ቢሆን ድምፅ የሚሰጠው በጠቅላላው ጉባኤ ነው፤ ብዙኃኑ «እሺ» ካሉ፣ «የእኔ ድርሻ ይቅር» ብሎ ወረቀት የሚጽፍበት መንገድ እንደ ሠራተኛው አልተበጀለትም።

ይህን ስል ማኅበራቱን ንጹሕ አድርጌ ለማቅረብ አይደለም። በሌበር ፓርቲ ጉባኤ ላይ አንድ የማኅበር መሪ ካርዱን ሲያነሣ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ አባሎቹ ሁሉ እጃቸውን እንዳነሡ ይቈጠር ነበር። በ1960 በስካርብሮ ከተማ በተደረገው ጉባኤ እንግሊዝ የአቶሚክ መሣሪያዋን ለብቻዋ እንድትተው የሚጠይቀው ሐሳብ የፓርቲው መሪ ሂዩ ጌትስኬል እየተቃወሙት ያለፈው በዚህ ዓይነት ድምፅ ነው። በዓመቱ ቢሻርም ካርዱ ምን ያህል ኀይል እንደ ነበረው አሳይቷል። በ1969 ደግሞ የሠራተኞች ጉዳይ ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ድንገተኛ የሥራ ማቆምን የሚገታ ሕግ ለማውጣት ቢነሡ፣ ማኅበራቱ ከፓርቲው እንደራሴዎች ጋር ሆነው አስጣሏቸው። በማኅበራት ገንዘብ የተመረጠ መንግሥት ማኅበራትን በሕግ ሊገዛ አልቻለም።

ቢሆንም ማኅበሩ ምን እንደሚፈልግ ማንም ያውቀዋል፤ ጥያቄውን በአደባባይ ያቀርባል፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ጋዜጣ ይጽፈዋል። የባለጸጋው ፍላጎት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1997 የቶኒ ብሌር መንግሥት የትምባሆ ማስታወቂያን ለመከልከል ሲዘጋጅ ፎርሙላ ዋን የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ከክልከላው ነጻ ሊሆን ነው ተባለ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የእሽቅድምድሙ አለቃ በርኒ ኤክልስተን ከምርጫው በፊት ለሌበር ፓርቲ 1 ሚሊዮን ፓውንድ መስጠታቸው ተገለጠ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩ አይገናኝም አሉ፤ ገንዘቡም ተመለሰ። ጋዜጦች ባያወጡት ኖሮ ይመለስ ነበር ወይ? በ2000 የወጣው ሕግ ከ5 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚሰጥ ሰው ስሙ ለሕዝብ እንዲገለጥ ያዘዘው እንዲህ ያለው ነገር ከታየ በኋላ ነው።

ይህ የፈቃድ ጉዳይ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ኩባንያዎች ከ1907፣ ማኅበራት ከ1947 ጀምሮ ለፌዴራል ምርጫ ከሣጥናቸው እንዳይሰጡ በሕግ ተከልክለው ነበር። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ በ4 ሁለቱም ከእጩው ጋር ሳይመካከሩ የፈለጉትን ያህል ለዘመቻ ሊያወጡ ይችላሉ ሲል ፈረደ። የማይስማማ ባለአክሲዮን ቢኖርስ? ፍርድ ቤቱ በኩባንያው የውስጥ አሠራር ሊያርመው ይችላል አለ። በ2018 ያው ፍርድ ቤት፣ አሁንም በ5 ድምፅ በ4፣ አባል ካልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ በግልጽ ሳይፈቅድ ለማኅበሩ አንድ ሳንቲም እንዳይቈረጥ ወሰነ። ለአንዱ ዝምታው እምቢታ፣ ለሌላው ዝምታው እሺታ ሆነ። ከእጩው ጋር ሳይመካከር ከኪሱ ለሚያወጣው ባለጸጋ ደግሞ ድንበር የለበትም፤ በ2024ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ኢሎን ማስክ ብቻቸውን ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ።

ወደ እንግሊዝ ልመለስና፣ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ የተሞከረበት ጊዜ አለ። የሕዝብ አገልጋዮችን ሥነ ምግባር የሚመረምረው ኮሚቴ በኅዳር 2011 ባቀረበው ሪፖርት፣ ማንም ሰው ሆነ ድርጅት ለአንድ ፓርቲ በዓመት ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ እንዳይሰጥ፣ የማኅበር መዋጮም እያንዳንዱ ሠራተኛ «እከፍላለሁ» ብሎ ከፈቀደ እንደ ግለሰብ ስጦታ እንዲቈጠር፣ የሚጐድለውን ደግሞ መንግሥት እንዲሞላ መከረ። ለመንግሥት የሚደርስበት ወጪ ለአንድ መራጭ በዓመት 50 ፔንስ ገደማ ነበር። ወግ አጥባቂዎቹ ጣሪያው 50 ሺህ ካልሆነ አሉ፤ ሌበር ፓርቲ የማኅበራቱ መዋጮ እንዳይነካ ተከላከለ፤ ሕዝቡ የመንግሥት ወጪ በተቀነሰበት በዚያን ጊዜ ለፖለቲከኞች ክፈል ብሎ ለመንገር የደፈረ አልተገኘም። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ለስጦታ ጣሪያ የሚያበጅ ሕግ አልወጣም።