አሥራ ስድስቱ ቁልፎች

ፍሩቲ ሉፕስ የሚባለውን የድሮ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የከፈተ ሰው ቀድሞ የሚያየው አንድ ረድፍ ቁልፎች ነው። ቁልፎቹ 16 ናቸው፤ አራት አራት ሆነው በቀለም ተለይተዋል። አንዱ ሲነካ ይበራል፣ ተራው ሲደርስም ከበሮው ይመታል። ረድፉ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ኖታ የማያውቅ ጀማሪ ብዙም ሳይቆይ ምት ይሠራበታል።

እስቲ ችክችካን በዚህ ረድፍ ላይ እናስቀምጠው። ችክችካ ደብረ ኤልያስም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሠርግ ላይ ትከሻ የሚያስነሣው ምት ነው። እያንዳንዱ ትልቅ ምት በውስጡ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉት። ፕሮግራሙ ግን ለአንድ ትልቅ ምት የሰጠው አራት ቁልፍ ነው። የመጀመሪያዋ ትንሽ ምት አንደኛው ቁልፍ ላይ በትክክል ታርፋለች። ሁለተኛዋ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁልፍ መካከል፣ ሦስተኛዋ ደግሞ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ትወድቃለች። መካከል ላይ ቁልፍ የለም። አቀናባሪው ወይ ቅንብሩን ነካክቶ ረድፉን ወደ 12 ያሳጥራል፣ ወይም ምቶቹን ቅርብ ወዳለው ቁልፍ ይገፋቸዋል። በሁለተኛው መንገድ የተሠራ ችክችካ በትንሹ ያነክሳል። ዘፈኑ አልቆ በሠርግና በታክሲ ሲደጋገም ግን ጆሮ ማንከሱን ይለምደዋል፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ይናፍቀዋል።

«የድሮው ይሻል ነበር» የሚለው የአቀናባሪዎች ወሬ በአብዛኛው የሚነሣው ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። ወሬውን ለመመዘን ፕሮግራሙ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ፍሩቲ ሉፕስን ኢሜጅ ላይን የተባለው የቤልጅየም ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው እትም አራት መስመር ብቻ የነበረው የከበሮ ማሽን ነበር፤ ሥራውም ሚዲ መላክ ነበር። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ፣ ኪቦርዶችና ኮምፒዩተሮች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። በውስጡ ድምፅ የለም፤ ትእዛዝ ብቻ ነው ያለው፦ ይህ ቁልፍ ተነካ፣ በዚህ ኃይል ተነካ፣ አሁን ተለቀቀ። ጎጃም ላደገ አንባቢ ድጓው ላይ ከፊደሉ ራስ በላይ የሚጻፈውን ምልክት ማስታወስ ይበቃል። ምልክቱ ራሱ አይዜምም፤ የሚያዜመው ደብተራው ነው። ሚዲም እንዲሁ ነው፤ ዜማው የሚሰማው ትእዛዙን በሚቀበለው መሣሪያ ድምፅ ነው።

ታዲያ የሚቀበለው መሣሪያ ምን ምን ድምፅ ነበረው? እ.ኤ.አ. በ1991 ጄኔራል ሚዲ የሚባል ስምምነት ወጣና 128 መሣሪያዎች በቁጥር ተደለደሉ። 105ኛው የሕንድ ሲታር፣ 107ኛውና 108ኛው የጃፓን ሻሚሰንና ኮቶ፣ 109ኛው የአፍሪካ ካሊምባ፣ 110ኛው የስኮትላንድ ባግፓይፕ ነው። ክራር የለም። ማሲንቆም፣ በገናም፣ ዋሽንትም የለም። ማሲንቆ የፈለገ ሰው 111ኛውን፣ የፈረንጁን ፊድል ይጠራል፤ በዋሽንት ፈንታም ፍሉት ይገባል። አንድ ባለ ኪቦርድ ሙሉ ባንድን ተክቶ ሠርግ የሚያጫውትበት አሠራር በአገራችን ሲስፋፋ፣ በኪቦርዱ ውስጥ የነበረው የድምፅ ክምችት ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ፊድልን ማሲንቆ ለማስመሰል ድምፁ ብቻ አይበቃም። ማሲንቆ መቺ ጣቱን ጭራው ላይ እያንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ኪቦርድ ግን ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይዘላል። ችግሩ የተፈታው ከኪቦርዱ በስተግራ ባለችው ትንሽ ጎማ ነው። ቀኝ እጅ ዜማውን ሲነካ ግራ እጅ ጎማዋን እያንቀሳቀሰ ድምፁን ያጎብጠዋል። የድሮው ሚዲ እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለው፦ ጎማዋ የምታጎብጠው በአንድ መስመር ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ ነው። በዚያው መስመር ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ተይዞ አንዱን ብቻ ማጉበጥ አይቻልም። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድ በአንድ ይነካል፤ ዜማው ነጠላ፣ ረጅምና ተለማጭ ይሆናል። ዛሬ «የድሮ ኪቦርድ ስታይል» ተብሎ የሚወደሰው አጨዋወት ከዚህ ገደብ ብዙ ወስዷል።

«የድሮው ድምፅ ሞቅ ያለ ነበር» የሚለው አባባል ግን በቁጥር ሲፈተሽ አይጸናም። የ16 ቢት ዲጂታል ቅጂ፣ ማለትም እያንዳንዷን የድምፅ ቅንጣት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ የሚመዘግበው ዘዴ፣ በጸጥታና በከፍተኛ ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት አለው። ዘፈኑ ተባዝቶ ይሰማበት የነበረው ተራ ካሴት ግን ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ቢደርስ ነው። ድምፁን ያሞቀው ፕሮግራሙ ሳይሆን የካሴቱ ሹክሹክታ፣ የቴፑ ፍጥነት መዋዠቅና የአውቶቡሱ የተቀደደ ስፒከር ነው ማለት ይቻላል። ሰው ግን የሚያስታውሰው አንድ ላይ የሰማውን ስለሆነ ምስጋናው ለፕሮግራሙ ይደርሳል።

የናፍቆቱ ዒላማ ከትውልድ ትውልድ መሸጋገሩም ሌላ ፍንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ዲስክ ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የባንድና የትራምፔት ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ ኪቦርድ የዚያ ወርቃማ ዘመን ገዳይ ተደርጎ ይታማ ነበር። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ አንድ ካሴት ቀድቷል። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭ አድማጭ የወደደው አንዱ ነገር ያው የማሽን ከበሮ ነው። ማሽኑ አልተለወጠም፤ አድማጩ ከማሽኑ የራቀበት ዘመን ነው የረዘመው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የናፋቂዎቹን ክርክር ሙሉ በሙሉ መጣል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለ የአሜሪካ ማሽን መቅዳት የሚችለው በጠቅላላው 10 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ባለቤቶቹ ሸክላውን በፍጥነት እያሽከረከሩ ይቀዱና በኋላ ያዘገዩት ነበር፤ ቦታ ለመቆጠብ። ትንሽ ሜሞሪ ያለው ኮምፒዩተርም እንዲሁ ቁርጥ ውሳኔ ያስገድዳል፦ አቀናባሪው ከበሮውንና ቤዙን ወደ አንድ ፋይል ይጨምቃል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። የዛሬው ኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ ያው ፍሩቲ ሉፕስ እ.ኤ.አ. በ2003 ስሙን ቀይሮ፣ ከ100 በላይ የሚክሰር መስመር ይዟል። ማንኛውም ውሳኔ እስከ መጨረሻው ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይዘገያል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩበት ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነውና ምሳሌውን ከዚያው መውሰድ ይቻላል። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ዘንድ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ጉባኤ ቃና የምታጠብበው ቤቱን እንጂ ምሥጢሩን አይደለም። መወድስ የደረሰ ባለቅኔ ግን ቤቱ ስለሰፋለት አይፈታም፤ የእያንዳንዱ ቤት ልክ እዚያም አለና። አዲሱ ፕሮግራም ቤቱን አስፍቶ ልኩን ለተጠቃሚው ፈቃድ ተወው። ልክ ከመምህርም ከማሽንም ካልመጣ አቀናባሪው ራሱ ማበጀት አለበት፤ ይህም ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

ከድምፁም ከገደቡም ይልቅ በእኔ ግምት በእርግጥ የጠፋው ሌላ ነው፤ ስለ እሱ ግን ብዙም አይወራም። የአንድ ዘፈን ፕሮጀክት ፋይል በአብዛኛው ድምፁን በሙሉ አይዝም። የሚይዘው «ይህን ፕለጊን ጥራ፣ በዚህ ልክ አስተካክል» የሚል መመሪያ ነው። ፕለጊን ማለት በዋናው ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ከአሠራር ደንቦቹ አንዱን ስታይንበርግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 አወጣው። የድሮዎቹ ፕለጊኖች በአብዛኛው ለ32 ቢት ኮምፒዩተር የተጻፉ ናቸው። 64 ቢት የሆኑት የዛሬ ማቀናበሪያዎች ድልድይ የሚባል አገናኝ ፕሮግራም ከሌለ አይቀበሏቸውም፤ አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮምፒዩተሮቹ ጨርሶ አስወጣቸው። ፕሮግራሞቹም ኩባንያዎቹም አይጸኑም፦ የድምፅ ማረሚያው ኩል ኤዲት እ.ኤ.አ. በ2003 ለአዶቢ ተሸጠና ስሙ ቀረ፤ ኬክዎክ የተባለውን ማቀናበሪያ ባለቤቱ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲዘጋው በሚቀጥለው ዓመት ባንድላብ ገዛው። እንግዲህ ከ20 ዓመት በፊት የተቀናበረን ዘፈን ድምፃዊው «ከበሮውን ቀንሰህ እንደገና አውጣልኝ» ቢል፣ ፋይሉ ሲከፈት መስመሮቹ ይታያሉ፣ ስማቸውም ይነበባል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም የታወቀ ነው፦ ዘፈኑ እንዳለቀ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው ወደ ተራ የድምፅ ፋይል አውጥቶ፣ ዜማውንም በሚዲ ማስቀመጥ።

ሚዲ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጻፈች፣ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የምትመዝን የሚዲ ፋይል ዛሬ ደብረ ኤልያስ ውስጥ በአንድ ተራ ስልክ ላይ ብትከፈት ትጫወታለች። ማሲንቆው ሲመጣም ያው 111ኛው ፊድል ነው የሚሰማው።