ልክፈተው ወይስ ራሴ ልገጣጥም?

ብዙ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ የተቀመጠው ዴስክቶፕ ከመነሻው ለቤት የተሠራ አይደለም። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲገለገልበት ቆይቶ፣ ድርጅቱ ዕቃውን ሲቀይር በጅምላ ተሽጦ አዲስ አበባ የደረሰ ነው። ሱቅ ውስጥ «ኮር አይ 5፣ አራተኛ ጄነሬሽን» ይሉታል። ከነዚህ አንዱን፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን፣ ጠረጴዛ ላይ እናውጣው። ማሽኑ ተንቀራፏል። ይታደስ? ወይስ ተሽጦ በምትኩ ዕቃ እየተለቀመ ሌላ ይገጣጠም?

ከመክፈት በፊት በሽታውን ማወቅ ይቀድማል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይመጣል። ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሣ «ዲስክ» የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ፣ ፕሮሰሰሩ ግን 10 እና 15 ላይ ሲያንቀላፋ ካዩ፣ ፕሮሰሰሩ አልደከመም። ሥራ እስኪቀርብለት ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው።

የሚያስጠብቀው ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ ያለው ክብ ሰሌዳ በደቂቃ 7200 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ሲሰሙት ፈጣን ነው። ግን የሚያነበው ክንድ፣ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ፣ መጀመሪያ ወደ ተፈለገው መስመር መሄድ፣ ከዚያም የተፈለገው ቦታ ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ መቆም አለበት። ሁለቱ ተደምረው 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃሉ፤ ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ80 ቦታ ያህል ብቻ ነው ማምጣት የሚችለው። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮችን ይጠራል። በሃርድ ዲስኩ ምትክ የሚገባው ኤስኤስዲ ግን የሚዞርም የሚንቀሳቀስም አካል ስለሌለው በዚያው ሰከንድ ብዙ ሺህ ጥሪ ይመልሳል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሚደረግ ለውጥ ሁሉ ገንዘቡን በግልጽ የሚመልሰው ይህ አንዱ ነው፤ ፕሮሰሰር ለመቀየር የሚቸኩል ሰው ይህን ሳያደርግ ባይቸኩል ይሻለዋል።

ራም ሁለተኛው ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ክሮም በጥቂት ገጾች ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ያሻግራል። ያኔ የራም እጥረቱ ራሱ የዲስክ መጨናነቅ ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ በሽታዎች የሚምታቱትም በዚህ ነው። 9020 የሚቀበለው ዲዲአር 3 ራም ነው። ዲዲአር 4 ልግባ ቢል አይገባም፤ መሐሉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታው ተቀይሯል፣ እግሮቹም ከ240 ወደ 288 ከፍ ብለዋል። አንድ 8 ከመግዛት ሁለት 4 መግዛት ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባልና።

አሁን ይከፈት። ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ይጫኑ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ይህ ማሽን ካቻቢቴ እንኳ አይፈልግም፣ መያዣውን ሳብ ሲያደርጉ ክዳኑ ይነሳል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሰውነት ስታቲክ ስለሚይዝ፣ ዕቃ ከመንካት በፊት ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ፋኑን በጣት ይዘው። ራሙን አውጥተው ወርቃማ እግሮቹን በላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግ የባለሙያዎቻችን የቆየ ዘዴ ነው፣ «አልነሳም» ያለ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሳንቲም የምታክለውን ሲአር 2032 ባትሪም አብረው ይቀይሩ። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ድረ ገጾችም ሰርተፍኬታቸው ከቀኑ ጋር ስለማይገጥም አልከፍት ይላሉ። ሰው ኢንተርኔቱን ይራገማል፤ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን በጭራሽ አይክፈቱት። በእኛ 220 ቮልት ላይ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ወዲያው አይለቅም።

እስከዚህ ድረስ ማደስ ያዋጣል። ለጽሑፍ፣ ለትምህርት፣ ለዩቲዩብ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ለዚህ ሥራ አዲስ የሚገጣጥም ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው።

ግድግዳው የሚመጣው ልጁ «ጌም እፈልጋለሁ» ሲል ነው። ጌም ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፣ ካርዱ ኃይል ይፈልጋል፣ የ9020 ትልቁ ኬዝ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 290 ዋት ነው። ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ 75 ዋት የሚበቃቸው እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያሉ ካርዶች ይሠራሉ፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ፓወር ሰፕላዩ መቀየር አለበት። እዚህ ላይ ነው ፋብሪካው የቆለፈው። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤቲኤክስ ደረጃ የሚሠሩ ፓወር ሰፕላዮች ዛሬ ለማዘርቦርዱ ባለ 24 እግር መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ዴል ግን በዚህ ሞዴል ላይ የራሱን ባለ 8 እግር አድርጎታል። ከሱቅ የገዙት ያለ ማገናኛ ገመድ አይሰካም። ማዘርቦርዱን ልቀይር ቢሉም ኬዙና የፊት ቁልፎቹ ለዚያው ቦርድ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከኢንቴል ስምንተኛ ጄነሬሽን በታች አይቀበልም። በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ መጫን ግን ይቻላል።

መገጣጠም በመጀመሪያው ቀን ሂሳብ ከማደስ አይረክስም። የሚገዛው ነገር ሌላ ነው፤ ነገ አንዱን ብቻ የመቀየር መብት። ፕሮሰሰር ሠሪው ኤኤምዲ ኤኤም 4 የተባለውን የፕሮሰሰር ሶኬት ለዓመታት ሳይቀይር ቆይቶ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የተገዙ ብዙ ቦርዶች ባዮሳቸው (የማስነሻ ፕሮግራማቸው) ከታደሰ በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 ይቀበላሉ። በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው 5600ጂን ይግዛ፤ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርዱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ጂ የሌለው 5600 ያለ ካርድ ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም።

በፓወር ሰፕላይ ግን አይቆጥቡ። «500 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ቀላል ሣጥን በእጅዎ ይመዝኑት፤ ጥሩው ከበድ ይላል። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ካመጣልዎ ደግሞ ጀርባውን ይዩ። አዳዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ፤ አንዳንድ የቆዩት ግን 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አላቸው። 115 ላይ እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ ድው ይልና አበቃለት።

ሲገጣጥሙ ማዘርቦርዱ ኬዙን በቀጥታ እንዳይነካ የሚደገፍባቸውን የናስ እግሮች ይቁጠሩ፤ ቀዳዳ በሌለበት አንድ ትርፍ ካለ ቦርዱን ሾርት ያደርገዋል። መጀመሪያ ሲያበሩት ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አይደንግጡ። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 8 እግር የኃይል መሰኪያ ሳይሰካ ቀርቶ ይሆናል፤ ከ24ቱ ተለይቶ ጥግ ላይ ስለሆነ ይረሳል። እሱ ከተሰካ ራሙን ቀጭ እስኪል ድረስ ደህና አድርገው ይጫኑት። ካርድ ካለም የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሰካቱን ይዩ።