ዎንደርኪዱን ገዛችሁት፤ ደቂቃስ አላችሁ?

ፉትቦል ማናጀር የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህቺን ሌሊት ያውቃታል። የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ የስልኩ ቻርጅ 9 በመቶ ላይ ነው፣ መልማዩ ደግሞ ከወደ ብራዚል ወይም ከወደ ሰርቢያ አንድ የ17 ዓመት የክንፍ ተጫዋች ይዞ መጥቷል። ሪፖርቱ ኮከብ በኮከብ ነው። ዋጋውም ይቻላል። «ለወደፊት ይሆነናል» ተብሎ ይፈረማል። ከዚያ ሦስት የውድድር ዘመን ያልፋል። ልጁ 20 ዓመት ሞልቶታል፣ ብቃቱ ግን ከመጣበት ብዙም ፈቀቅ አላለም። አኩርፎ «ልቀቁኝ» ይላል፤ ከገዛነው ባነሰ ዋጋ እንሸጠዋለን።

«ጌሙ አጭበረበረን» እንላለን። አላጭበረበረም። የገዛነው ተሰጥኦ ነው፤ ያላዘጋጀንለት ደግሞ ደቂቃ።

ጣሪያ ቃል ኪዳን አይደለም

በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የተደበቁ ቁጥሮች አሉት። አንዱ አሁን ያለውን ብቃት፣ ሌላው ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ ይለካል። ሁለቱም እስከ 200 ይሄዳሉ። እኛ የምናያቸው ኮከቦች የአሰልጣኞቻችንና የመልማዮቻችን ግምት ናቸው፤ ያውም ከራሳችን ቡድን ጋር እየተነጻጸሩ የሚሰጡ። ስለዚህ ታችኛው ሊግ ላይ አምስት ኮከብ ያለው ልጅ አርሰናል ቢገባ ሁለት ኮከብ ሊሆን ይችላል።

ጣሪያው 170 የሆነ ልጅ 170 ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ከ170 አያልፍም ማለት ነው። ለአንዳንድ ታዳጊዎች ደግሞ ጣሪያው ራሱ «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ ስለሚቀመጥ፣ አዲስ ጨዋታ በጀመራችሁ ቁጥር ይለያያል። ጓደኛችሁ ጋ የዓለም ኮከብ የሆነው ልጅ እናንተ ጋ ተራ ተጫዋች የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጣሪያው የሚያወጣው መሰላል ግን በእጃችን ነው። እስከ 18 ዓመት አካባቢ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የልምምድ ማዕከሉና የአሰልጣኞቹ ጥራት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ወደ ጨዋታ ያጋድላል። ልምምድ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ደረጃውን በሚመጥን ሊግ መሰለፍ አለበት። የሞባይሉ ቅጂ ቅንብሩ ከኮምፒውተሩ ቀለል ይላል፤ መርሁ ግን ያው ነው።

ደቂቃ በጀት ነው

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ዝም ማለት አይችልም። በጌሙ ውስጥ እጥረት ያለበት ሀብት ብር አይመስለኝም፤ ብር ይገኛል፣ ተጫዋች ይሸጣል፣ ስፖንሰር ይመጣል። የማይጨምረው ደቂቃ ነው።

እናስላው። በፕሪሚየር ሊግ 38 ጨዋታ አለ። 38 በ90 ሲባዛ ለአንድ የመሰለፊያ ቦታ 3,420 ደቂቃ ይመጣል። ለሁለቱ ክንፎች 6,840 ማለት ነው። ሁለቱ ነባር ክንፎቻችሁ እያንዳንዳቸው 2,500 ደቂቃ ቢጫወቱ የሚተርፈው 1,840 ነው። አሁን «ለወደፊት» ብላችሁ የሰበሰባችኋቸው አራት ታዳጊ ክንፎች አሉ እንበል። ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 460 ደቂቃ፣ ማለትም አምስት ሙሉ ጨዋታ ያህል ይደርሳቸዋል። ለሁለት ብትሰጡት አሥር ጨዋታ፣ ለአንድ ብትሰጡት ሃያ ጨዋታ ይሆናል።

አራት ልጅ መሰብሰብ አራት ዕድል ይመስላል። እንደ እውነቱ ግን አንዱን ዕድል ለአራት መቆራረስ ነው። ዋንጫና የአውሮፓ ጨዋታ ሲጨመር ቁጥሩ ትንሽ ይሻላል፤ ሒሳቡ ግን አይቀየርም። ስለዚህ ልጅ ከመፈረማችሁ በፊት ዋጋውን ሳይሆን «ከሁለት ዓመት በኋላ የማንን ቦታ ይወስዳል?» የሚለውን ጠይቁ። መልሱ ስም ከሌለው አትግዙ። ስም ካለው ደግሞ የዚያን ነባር ተጫዋች ውል እስከዚያ ድረስ ብቻ አድርጉት።

ውሰት ማከማቻ አይደለም

«ደቂቃ ከሌለኝ በውሰት እልከዋለሁ» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን የት? የፍሬዲ አዱን ታሪክ እዩ። በ14 ዓመቱ ለዲሲ ዩናይትድ ፈርሞ ዓለም ስለ እሱ ያወራ ነበር፤ በጌሙም የማይገዛው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ቤንፊካ ገባ። ከዚያ ለሞናኮ፣ ለቤሌነንሴስ፣ ለአሪስ እና ለሪዜስፖር በውሰት ተሰጠ። ፈረንሳይ፣ ፖርቱጋል፣ ግሪክ፣ ቱርክ። አንዱም ጋ አልረጋም።

ስለዚህ በጌሙ ውስጥ የውሰት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የክለቡን ስም አትዩ። ልጁን እንደ ቋሚ ተሰላፊ ነው የሚፈልጉት ወይስ እንደ ተጠባባቂ? በራሱ ቦታ ነው የሚያጫውቱት? የልምምድ ማዕከላቸውስ እንዴት ነው? ትልቅ ክለብ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከሚቀመጥ፣ ትንሽ ክለብ 30 ጨዋታ ቢጫወት ይሻለዋል። ጥር ላይ ካልተሰለፈ መልሳችሁ አምጡት።

ከማን ጋር ዋለ?

ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ባሕርይ ነው። ተግቶ የሚሠራ ልጅ መሰላሉን በፍጥነት ይወጣል፤ ሰነፉ ጣሪያው የፈለገውን ያህል ቢሆን ግማሽ ላይ ይቀራል። ከ2019ኙ ቅጂ ጀምሮ ደግሞ ታዳጊዎችን ከነባር ተጫዋቾች ጋር በቡድን አድርጎ ባሕርይ እንዲቀስሙ ማድረግ ይቻላል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የሚባለው ተረት እዚህ ኮድ ሆኖ ተጽፏል። ስለዚህ ያን የ33 ዓመት ጨዋ አምበል «ሮጦ አይደርስም» ብላችሁ በችኮላ አትሸኙት። የእሱ ደመወዝ የሜዳ ዋጋ ብቻ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም ነው። የታዳጊዎች ኃላፊ ስትቀጥሩም እንዲሁ፤ በየዓመቱ ከአካዳሚ የሚመጡት ልጆች ባሕርይ የእሱን ይወርሳል።

ሜዳ ላይም ያው ነው

አርሰናሎች ታስታውሳላችሁ። ኢታን ንዋኔሪ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ብሬንትፎርድ ላይ ሲገባ 15 ዓመት ከ181 ቀኑ ነበር፤ የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን። በ2023/24 ግን በሊጉ የታየው አንድ ጊዜ፣ ያውም በተቀያሪነት ነው። በ2024/25 የቡካዮ ሳካ ጉዳት ሰፊ በር ከፈተለት። ዩናይትዶች ደግሞ ራሽፎርድን አስቡ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2016 ማርሲያል በማሟሟቂያ ላይ ባይጎዳ ኖሮ ያን ምሽት ሚድቲላንድ ላይ አይሰለፍም፣ ሁለት ግብም አያስቆጥርም ነበር። ሁለቱም ተሰጥኦው አስቀድሞ ነበራቸው። የጎደላቸው ክፍት ቦታ ነበር፤ ቦታውም የተገኘው በሰው ጉዳት ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ግን ጉዳት አይጠብቅም፤ ቦታውን አስቀድሞ በዕቅድ ይከፍታል።

ይህን ስጽፍ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ትዝ ይለኛል። «ተፈላጊ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ወረቀት ሲገኝ የተመራቂው ሰልፍ መንገድ ይሞላል። ሁሉም ድርጅት ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ልምድ ለመስጠት ግን ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አንስቷል፤ ቀጣሪው ሌላ ቦታም የሚያገለግል ሙያ ቢያስተምር፣ ሠራተኛው ነገ ሲሄድ ጥቅሙ አብሮት ይሄዳል። ታዲያ ማን ይከፍላል?

እግር ኳስ ለዚህ መልስ አለው። ውል አለ፣ የዝውውር ገንዘብ አለ። ተጫዋቹ በውል ላይ እያለ በገንዘብ ሲዘዋወር ደግሞ በፊፋ ደንብ መሠረት ከዝውውሩ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ያሳደገ አይከስርም። ለዚህ ነው ትናንሽ ክለቦች ለ17 ዓመት ልጅ ደቂቃ ለመስጠት የሚደፍሩት። የእኛ የሥራ ገበያ እንዲህ ዓይነት ደንብ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ባለ ትልቅ ጣሪያ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያረጃል። የሚገርመው ነገር፣ ማታ በስልካችን ላይ አለቃ ስንሆን እኛም ያንኑ እናደርጋለን፤ ልጁን ትተን የ29 ዓመቱን ልምድ ያለው ሰው እናሰልፋለን።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ጌሙን ስትከፍቱ አዲስ ልጅ ከመፈለጋችሁ በፊት የቡድን ዝርዝራችሁን እዩ። ከ21 ዓመት በታች ያሉትን ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ ጎን በዚህ ዘመን የሚደርሰውን ደቂቃ ጻፉ። ከ900 በታች የሚሆነውን ወይ በውሰት የሚያጫውተው ክለብ ፈልጉለት፣ ወይ ሽጡት። ከቀሩት አንዱን ምረጡና ቅዳሜ በቋሚነት አሰልፉት። ይሳሳት ይሆናል፣ ኳስ ያስነጥቅ ይሆናል፣ ሁለት ነጥብም ያስጥላችሁ ይሆናል። የማሳደግ ዋጋው ያ ነው፤ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ ግን ይረክሳል።