የቆርቆሮ ቤት ሻወር

የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት፣ አቃል፣ ከጥንት ጀምሮ የሚነቀልና የሚጫን ቤት ነው። ቀስት ሆነው የሚታጠፉ እንጨቶች፣ ላያቸውን የሚያለብስ ሰሌን፣ ሁሉን ጠፍሮ የሚይዝ ገመድ፤ ሴቶቹ ይሠሩታል፣ ሴቶቹ ይተክሉታል፣ መንገድ ሲመጣም ፈትተው በግመል ጀርባ ይጭኑታል። በዚህ ቤት ባኞ አይታሰብም፤ ውኃ ሲርቅ ቤቱ ራሱ ተነሥቶ ወደ ውኃው ይሄዳላ! ዛሬ በሶማሌ ክልል፣ አውበሬ ከተማ ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ቤቱ ቆሟል፣ ተጓዡ ውኃው ሆኗል፤ በቦቴ፣ በአህያ ጋሪ፣ በቢጫ ጀሪካን። የቆመው ቤት ግን አሁንም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንዳንዴም በርና መስኮት የተቆረጠለት የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር። ከዚህ ቤት ጥግ ከጅግጅጋ ሱቅ የመጣ፣ ኒኬሉ የሚያብረቀርቅ ሻወር ይሰቀላል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ይንጠባጠባል፣ ይደፈናል፣ ከግድግዳው ይላቀቃል። ባለቤቱ “ዕቃው አይረባም” ብሎ ሌላ ይገዛል። እኔ የምለው አዲሱም በዚያው ምክንያት እንደሚበላሽ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቤት ገንዘብ መውጣት ያለበት ለሮቶው (ለውኃ ማጠራቀሚያው) መቆሚያ፣ ለመክፈቻው ጎማና ለወለሉ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ዕቃ ተራው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጉልበቱን እንይ። ሞተር በሌለበት ቤት ውኃን የሚገፋው ከፍታ ነው። ሮቶው ከሻወሩ ወንፊት 10 ሜትር ከፍ ቢል 1 ባር ያህል ግፊት ይገኛል፤ በሱቅ የሚደረደሩት አብዛኞቹ ሻወሮች የተሠሩት ለዚህና ከዚህ ለበለጠ ግፊት ነው። የሮቶው መቆሚያ ሦስት ሜትር፣ ወንፊቱ ሁለት ሜትር ላይ ከሆነ ግን በመካከል የቀረችው አንዲት ሜትር የምትሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። ውኃው እንደ ክር ቀጥኖ ቢወርድ ሻወሩ ምን አጠፋ? መቆሚያውን አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ግፊቱን እጥፍ ያደርገዋል። ከሮቶው የሚወርደውን ግማሽ ኢንች ቱቦ በሦስት አራተኛ ኢንች መተካት፣ መታጠፊያዎቹን መቀነስ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ተራ ወንፊት መምረጥም እንዲሁ ይረዳል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። ከፍታ ፍለጋ ሮቶውን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ሰው ሻወሩን ሲያድን ቤቱን ያጣል። መቆሚያው ለብቻው፣ እግሩ በደንብ ተቀብሮ መቆም አለበት።

ቀጥሎ የውኃው ጠባይ አለ። ከሐረር እስከ ጅግጅጋ ባለው ምድር የኖራ ድንጋይ ብዙ ነው፤ የድሬዳዋ ሰው ውኃው በማንቆርቆሪያና በቧንቧ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ከማንም በላይ ያውቀዋል። የእርስዎም የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ከሆነ ሻወሩ ውስጥም ያው ነገር አለ ማለት ነው። ከቢርካ፣ ማለትም መሬት ተቆፍሮ ከሚሠራ ማጠራቀሚያ፣ የተቀዳ የዝናብ ውኃ ደግሞ ቅርፊቱ ቢያንሰውም ደለል ይዞ ይመጣል። ሁለቱም የሚያርፉት ጠባቧ ቀዳዳ ላይ ነው። የተደፈነውን ወንፊት ፈትቶ ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ማሳደርና ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ለባትሪ የሚሸጠውን አሲድ የሚያፈሱበት አሉ፤ አሲዱ ቅርፊቱን ሲበላ ኒኬሉንም ይልጠዋል፣ እጅና ዓይንም ያቃጥላል። ለደለሉ ደግሞ የሮቶው መውጫ ከታችኛው ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ቢል ጭቃው እዚያው ተኝቶ ይቀራል።

የሚንጠባጠበው መክፈቻ ሲፈታ የሚታየው ነገር ትንሽ ነው። ከሮቶው የሚመጣው ውኃ ይዘጋል፣ እጀታው በካቻቪቴ ይወጣል፣ ውስጠኛው ዘንግ በቁልፍ ይላላል። ጫፉ ላይ ከሳንቲም የማትበልጥ ጥቁር ጎማ አለች። ለስላሳ መሆን ሲገባት እንደ አጥንት ደርቃ፣ መሀሏ ላይ የክብ ጉድጓድ ታትሞባት ትገኛለች፤ መክፈቻው አልዘጋ ሲል ባለቤቱ በኃይል ስላጠበቀው የተቀመጠችበት ብረት የቀረጻት ነው። ሌላ ጎማ ሲገባላት፣ መቀመጫዋ ከአሸዋ ሲጠረግ፣ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ቴፍሎን ሲጠመጠምለት መክፈቻው እንደ አዲስ ይዘጋል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያወርድ መክፈቻ በቀን አንድ ጀሪካን ያህል ውኃ ይደፋል። ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ ይህ በየማለዳው አንድ ጀሪካን ገዝቶ ደጃፍ ላይ መድፋት ነው።

“ርካሽ ዕቃ ስለሚገዛ ነው እንጂ ጥሩው አይበላሽም” የሚል አይጠፋም። ከፊሉ እውነት ነው። በኒኬል የተለበጠው ለስላሳ ብረት አንዴ ከተሰነጠቀ አይጠገንም፤ መጣል ነው፤ ነሐሱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሲገዙ በእጅ መዝኖ ከበድ ያለውን መምረጥ ብልህነት ነው። ነገር ግን ከባዱ ዕቃ ቀጭን ቆርቆሮ ላይ ሲሰቀል ነፋስ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ቱቦውም ከመገጣጠሚያው ይሰበራል። ሻወር መታሰር ያለበት ከቋሚው እንጨት ጋር ነው፤ ከመክፈቻው እስከ ወንፊቱ ያለውም ደረቅ ቱቦ ከሚሆን የሚተጣጠፍ ጎማ ቢሆን ይመረጣል። አሜሪካኖች ተጎትተው በሚቆሙት ቀላል ቤቶቻቸው ከዚህ የተለየ ነገር አላዩም። እዚያ ባኞው ከብረት ይልቅ ብዙ ጊዜ ከቀጭን ፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ይሠራል፤ ቤቱ ከባድ ነገር አይችልምና። ጥገና ሲጀመርም መጀመሪያ የሚታየው ከሥሩ ያለው ጣውላ ነው፤ ሳይታይ የሚያንጠባጥብ ውኃ ገንዳውን ሳይነካ ወለሉን ያበሰብሰዋል።

ባኞ ራሱን የሚፈልግ ሰውስ? ክብር ነው፣ ምቾት ነው፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ይመቻል ይባላል። ሽማግሌው ግን የገንዳውን ጠርዝ ለመሻገር እግሩን ማንሣት አለበት፤ በርጩማና መያዣ ብረት ይሻለዋል። ውኃውንም እናስላ። ተራ ባኞ ሲሞላ 150 ሊትር ያህል ይይዛል። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥም፣ ለምግብም፣ ለንጽሕናም ቢያንስ 15 ሊትር ይፈለጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የስደተኞች መጠለያ ለተከፈተባት አውበሬ ይህ ቁጥር እንግዳ አይደለም። አንድ የሞላ ባኞ የአሥር ሰው የቀን ድርሻ ነው። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ በነበረበት ዘመን ውኃው በቦቴ ይጋዝ እንደነበር የሚያስታውስ አካባቢ ይህን ስሌት መማር አያስፈልገውም። በትንሽ ውኃ መታጠብ ደግሞ ድህነት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በሐዲስ እንደሚነገረው ነቢዩ መሐመድ በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷእ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውኃ ገላቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ሷእ አራት ሙድ ነው፣ በእኛ መለኪያ ሦስት ሊትር ቢጠጋ ነው። በጆግና በባልዲ መታጠብ ከሻወር ያነሰ ነው የሚለው አስተያየት ከዚህ ምድር የበቀለ አይመስለኝም።

ሙቅ ውኃ ላይ ግን ቀልድ የለም። ውኃውን እየወረደ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሻወር የሚበራው በውኃው ግፊት ነው፤ ግፊቱ ካነሰ አይበራም፣ ወይም እየበራ ይጠፋል። አንዳንድ ሠራተኛ ታዲያ ያንን ማብሪያ አልፎ መስመሩን በቀጥታ ያገናኘዋል። ማሞቂያው ያለ ውኃ ይግላል። 3,500 ዋት የሚስበው ዕቃ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይጎትታል፤ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ግድግዳው ቆርቆሮ ወይም ኮንቴይነር ሲሆን ሽቦው አንድ ቦታ ቢላጥ ክፍሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ የሚታጠበው ሰው ደግሞ እርጥብ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቆሟል። ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመርና ራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ ከሌለ እዚህ ቤት የኤሌክትሪክ ሻወር አይገባም። በዚህ ፀሐይ ጥቁር የተቀባ በርሜል ከሰዓት በኋላ ሙቅ ውኃ ይሰጣል።

በመጨረሻ፣ ሰው የሚረሳው ነገር የሮቶው ክዳን ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ክልል፣ በቀብሪ ደሃር ነው፤ በኋላ በጅግጅጋም ታይታለች። ይህቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ እንቁላሏን የምትጥለውም በበርሜል፣ በሮቶና በቢርካ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ላይ ነው። ክዳን የጠፋበት ሮቶ ስለዚህ የተበላሸ ሻወር ያህል ጥገና ይፈልጋል፤ ክዳኑ እስኪገኝ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ አፉ ላይ ወጥሮ ማሰር ይቻላል። የታጠቡበት ውኃም ከቆርቆሮው ሥር ተኝቶ የቋሚውን እግር እንዳያበሰብስ ወለሉ ወደ አንድ ወገን ያዘንብል፣ ጠጠር ወደተሞላ ጉድጓድ ይውረድ።

እንግዲህ ሻወሩ ሲንጠባጠብ ወደ ጅግጅጋ ሰው ከመላክዎ በፊት መክፈቻውን ይፍቱት። ሲልኩም አሮጌዋን ጎማ ያስይዙት፤ በግምት የተገዛች ጎማ ልክ አትሆንም።