የአዞ እርባታ ጉብኝትና የሐይቁ ዳር ጥያቄ

በጋሞ ደጋ ግርጌ፣ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ አካባቢ የምትገኘው ላንቴ በሙዝ ምርቷ የታወቀች ናት። የላንቴ ገበሬ ከሐይቁ ጋር ተጎራብቶ የሚኖር በመሆኑ አዞን የሚያውቀው በጠላትነት ነው። ውሃ ሊጠጣ የወረደ ከብቱ በዚያው የቀረበት ሰው ስለ አዞ ጥቅም ቢነገረው አይጥመውም። ይሁንና ከመንደሩ ብዙም ሳይርቅ አዞ እንደ ሰንጋ የሚቀለብበት ስፍራ አለ።

የአርባ ምንጭ አዞ እርባታ በ1976 ዓ.ም. ገደማ በመንግሥት የተቋቋመ ሲሆን፣ ከላንቴ ወደ አርባ ምንጭ ሲኬድ ከተማው ሳይደረስ በስተግራ፣ ሐይቁ ዳር ይገኛል። ጠዋት ሄዶ ለማታ ከቤት መግባት ስለሚቻል ለማኅበር አባላት ጉብኝት አመቺ ነው።

ጎብኚው አዞዎቹን በመጠን ተለይተው በየገንዳው ተኝተው ያገኛቸዋል። አፋቸውን ከፍተው የሚታዩት ተቆጥተው ሳይሆን ሙቀት ለመቀነስ ነው። የሚፈለገው የሆዳቸው ቆዳ ሲሆን፣ ለጫማና ለቦርሳ ወደ ውጭ አገር ሲላክ ቆይቷል። ትልቁ ትንሹን ቢነክሰው ቆዳው ዋጋ ያጣል፤ የከብት ቆዳ በቢላዋ ተጭሮበት ለከሰረ ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በፔሩ ተራሮች የሚረባው አልፓካ ጠጉሩ ተሸልቶ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። አዞ ግን የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር የዘሩ ምንጭ ነው። እርባታው ዕንቁላልና ጫጩት የሚሰበስበው ከሐይቆቹ ዳርቻ ነው። እናቲቱ አሸዋ ቆፍራ ሃምሳ ያህል ዕንቁላል ትጥልና ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው፤ ከብት አርቢ ይህን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። ከተፈለፈሉት አብዛኞቹን አርጃኖ፣ አሞራና ዓሣ ስለሚበሏቸው ጥቂቱን ወስዶ ማሳደግ የሐይቁን ዘር አይጎዳም።

ዳርቻው እስከ ውሃው ጫፍ ከታረሰ ወይም በከብት ከተረገጠ ግን ዕንቁላል የሚጣልበት አሸዋ አይኖርም። ስለሆነም የእርባታው ህልውና በከፊል መሬት በሚደለድሉ ሰዎች እጅ ነው ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ደግሞ ከብቱን ለአዞ የገበረው ገበሬ አሸዋውን ሳያርስ ቢጠብቅ ከቆዳው ገቢ ምን እንደሚደርሰው መጠየቁ ተገቢ ነው። የማኅበር መሪ ይህን ጥያቄ ለእርባታው ኃላፊዎች ከማቅረቡ በፊት፣ የከብት ማጠጫው ከዕንቁላል መጣያው አሸዋ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ አስለክቶ ቢሄድ መልካም ነው።