ዘይቱንን ከመልካም እናት ዛፍ ማባዛት

ዘይቱን የትውልድ አገሩ ሞቃታማው አሜሪካ ቢሆንም፣ ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ጓሮ ይገኛል። በ100 ግራም ፍሬው ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለ፤ ይህም ከብርቱካን አራት እጥፍ ያህል ነው።

ችግሩ ግን ከዘር የበቀለው ዛፍ እናቱን ላይመስል ይችላል። ገበሬው 3 ወይም 4 ዓመት ጠብቆ ትንንሽና ጎምዛዛ ፍሬ ቢለቅም ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች የሚከተለውን ዘዴ እንዲያስተምሩ እናሳስባለን።

በክረምት መግቢያ፣ ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ይመረጥ። ቅርፊቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዙሪያውን ይላጥ፤ ከሥሩ ያለው አንሸራታች ሽፋንም በቢላ ይፋቅ፤ ያለዚያ ቁስሉ ተመልሶ ይገጥማል። በተላጠው ቦታ ላይ እርጥብ አፈርና ብስባሽ ተደርጎ በላስቲክ ይጠቅለልና ሁለቱ ጫፍ ይታሰር። ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ሥር ሲታይ ከሥሩ በታች ተቆርጦ በጣሳ፣ በጥላ ሥር ይደግ። ሲጠነክር በ5 ሜትር ርቀት ይተከል።

በረገፈ ፍሬ ውስጥ የፍሬ ዝንብ ትል ስለሚያድግ፣ ፍሬው ተለቅሞ በጥልቅ ይቀበር።

አንድ መልካም ዛፍ ያላት ጉባኤ በየዓመቱ ለጎረቤቶቿ ችግኝ ልታካፍል ትችላለች።